አያ ፈንታ በእንግሊዝኛ የተከሰሱ ዕለት

እኛ አገር ጉዳይ በር ላይ አይነገርም። ደብዳቤ ከሆነ «ለጤናህ እንደምን ከርመሃል» ተብሎ ይጀመራል፤ እናት፣ አባት፣ ጎረቤት፣ የክርስትና ልጅ ሳይቀር ሰላምታ ይደርሳቸዋል፤ ዋናው ነገር ወረቀቱ ሊያልቅ ሁለት ጣት ሲቀረው ብቅ ይላል። ስልክ መጣና ተገላገልን እንዳትሉ። ቡሬ ሆነው ሽንዲ የሚደውሉ ሰው ስለ ዝናቡና ስለ ጥጃዋ ሲጠይቁ ቆይተው፣ ልክ ሒሳባቸው ሊያልቅ ሲል «የደወልሁትማ…» ይላሉ። ይቋረጣል።

እንግሊዝኛ ይህ ትዕግሥት የለውም። ቡሬ ውስጥ ስንት ዘመን ያስተማርሁት ይህንኑ ነው። ለጓደኛ ስትጽፉ እንደ ልባችሁ ተጫወቱ፣ በራሳችሁ ስም ብቻ ጨርሱ፤ ለኃላፊ ስትጽፉ ግን አድራሻና ቀን ከላይ፣ «ውድ ጌታዬ»፣ ጉዳዩን ቶሎ፣ ናፍቆት የሚባል ነገር የለም፣ ከታች ስም ከነአባት። ተማሪዎቼ ይህን ሲሰሙ ለፈረንጅ የሚያዝኑለት ይመስለኛል።

አንድ የገበያ ቀን አያ ፈንታ ከባጃጅ ወርደው ቤቴ መጡ። ከከተማው ወጣ ብሎ የሚኖሩ አራሽ ናቸው፤ ልጃቸውን ይታይሽን አስተምሬያታለሁ። ፊታቸው አመድ መስሏል። ከኮታቸው ኪስ የታጠፈ ወረቀት አወጡ።

«መምህር፣ ልጄ ከሰሰችኝ።»

«ኧረ በስመአብ! ምን ብላ?»

«ምን አውቄ፣ እጄ ላይ ጣል አድርጋልኝ ወጣች፤ በእንግሊዝኛ ነው። ግን ይዩት፤ ቀን አለው፣ ከሥሩም ተሰምሮበታል። እንዲህ ያለ ወረቀት ከፍርድ ቤት በቀር ከወዴት ይመጣል?»

አልፈረድሁባቸውም። አነበብሁት። ልክ እንዳስተማርኋት ነው፣ ትርፍ ቃል የለውም። ጉዳዩ፦ ፈቃድ ስለመጠየቅ። ውድ ጌታዬ፣ የተመደብሁበት ዩኒቨርሲቲ ሩቅ ደቡብ ነው። ነርስ መሆን እፈልጋለሁ። ምደባው ከመጣ ጀምሮ ዝም ብለዋልና፣ እንድሄድ እንዲፈቅዱልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ተርጉሜ ስነግራቸው ወንበሩ ላይ ቁጭ አሉ። «ዝም ያልሁትኮ…» ብለው እንደገና ዝም አሉ። ሌሎቹ ልጆች ጎጆ ወጥተው እቤት የቀረቻቸው እሷ ብቻ ናት። «እዚሁ ቡሬስ ዩኒቨርሲቲ አለ አይደል?» አሉኝ፣ እኔ የመደብኋት ይመስል።

እናንተዬ፣ አባትየው ዳዊት የደገሙ፣ አማርኛ አሳምረው የሚያነቡ ሰው ናቸው። ታዲያ ለምን በእንግሊዝኛ ጻፈች? የገባኝ ያን ጊዜ ነው። በአማርኛ ቢሆን ብቻቸውን አንብበው ኪሳቸው ይከቱት ነበር። በእንግሊዝኛ ከሆነ ግን እኔ ዘንድ መምጣታቸው አይቀርም። ይች ልጅ፣ ጋቢ እንኳ ሳልደርብ፣ ሽማግሌ አድርጋ ልካኛለች!

«ከታች ያለውስ ምንድን ነው?»

«ስሟ ነው። ይታይሽ ፈንታ።»

«እኔም አለሁበት?»

«ደንቡ ነው አያ። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ያለ አባት ስም አይፈረምም።»

«እዚያ ሩቁ አገርም እንዲሁ ነው የምትጠራ?»

«እንዲሁ ነው። ስም በተጠራ ቁጥር።»

ጣታቸውን ስማቸው ላይ አሳርፈው ቆዩ።

«እንግዲያው በመጣበት ቋንቋ ይመለስላት። ይጻፉ።»

ጻፍሁ። ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል። እናትሽ ሰላም ብላሻለች። ጎረቤቶችሽ ሁሉ ደኅና ናቸው። ላሚቱም ደኅና ናት። «አያ፣ ልጅቱኮ ያለችው እቤትዎ ነው!» ብላቸው፣ «ይሁን፣ ይጻፉ» አሉ። ፈቃዱ የመጨረሻዋ መስመር ላይ ደረሰ፦ «ሂጂ ልጄ። ስሜን ይዘሽ ሂጂ።» ተማሪ ቢጽፈው ከአሥር አራት የማልሰጠውን ደብዳቤ እኔው በእጄ አሳምሬ ጻፍሁት።

በሚቀጥለው ገበያ ተመልሰው መጡ።

«እንዴት ሆነ?» አልኋቸው።

«አየ መምህር፣ ምኑን አስተማሯት! ያን ሁሉ ሰላምታ ዘላ ከታች ጀመረችው።»

«አባቷን ታውቃለቻ! ከዚያስ?»

«ከዚያማ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ማልቀስ ሆነ» አሉ፣ በኮታቸው እጅጌ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ላሚቱ ደኅና መሆኗን እስከ ዛሬ አላነበበችም።»