የአማቴ አበባና የአማቴ ጋቢ

ሰው ከሚስቱ ጋር ቢጣላ አስታራቂ ሽማግሌ አያጣም። ከአለቃው ጋር ቢጣላ ዝውውር ይጠይቃል። ከአማቱ ጋር የተጣላ ሰው ግን ወዴት ይሄዳል? መልሱን የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ። እኔ ስላላወቅሁት፣ ላለመጣላት ብዬ አንድ ክረምትና አንድ በጋ የተክል ሞግዚት ሆኜ ኖሬአለሁ።

ዘመኑ የደርግ ዘመን ነው። እኔ ቢቸና ጂኦግራፊ አስተምራለሁ፤ ሚስቴ የሻረግ የሞጣ ልጅ ናት። በተጋባን በመጀመሪያው ሰኔ አማቴን ልንጠይቅ ሞጣ ሄድን። አማቴ ወይዘሮ ጥሩወርቅ እኔን “አንቱ” ነው የሚሉኝ። አማት አማቹን ማክበሩ የአገር ወግ ነው፤ የእሳቸው አንቱታ ግን የቱ ላይ አክብሮቱ አልቆ የቱ ላይ ማስፈራሪያው እንደሚጀምር እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ከጓሯቸው ወይራ ግንድ ላይ አንዲት ተክል ተለጥፋ ትኖራለች። አፈር አትነካም፤ ሥሮቿ ቅርፊቱን አቅፈው በአየር ላይ ይታያሉ። በየዓመቱ በጥር የአበባ ዘንግ ታወጣና ጾም ሳይገባ በነጭ አበባ ታሸበርቃለች። የግብርና ቢሮ ባለሙያ የሆነ ወዳጄ ኦርኪድ ነች ብሎኛል። አማቴ ግን ሙሽሪት ይሏታል፣ እኔም ከአማቴ ጋር ነኝ።

ያን ቀን ከሙሽሪት አንድ ክፋይ ከነቅርፊቱ ቆርጠው ሰጡኝ። “ልጄን ስሰጥዎ ምንም አላልሁም። ይህችን ግን ለአስተርእዮ ስመጣ ዘንግ አውጥታ ማየት እፈልጋለሁ። ሰው ቤቱን እንዴት እንደሚይዝ በእሷ ይታወቃል” አሉኝ። ይህን ብለው ፊታቸውን ወደ አጥሩ መለሱና፣ ጎረቤታቸው አጥሩን እየገፋ እየገፋ ወይራው ሥር እንዳደረሰባቸው፣ ክሱም በቀበሌው ፍርድ ሸንጎ ከዓመት ዓመት እየተንከባለለ እንደሆነ አጫወቱን። የአጥሩ ጨዋታ ከምሳ እስከ እራት አደረሰን። እኔ ግን የሰማሁት “በእሷ ይታወቃል” የሚለውን ብቻ ነበር።

በአውቶቡስ ስንመለስ ሙሽሪትን ጭኔ ላይ አስቀምጬ በሁለት እጄ አቅፌአታለሁ። ደብረ ወርቅ ላይ የተሳፈሩ አንድ ቄስ አቀማመጤን አይተው “ታማብህ ነው ልጄ?” አሉኝ። እንዳትታመምብኝ ብዬ ነው አልኳቸው።

ቢቸና ስንደርስ ከደጃችን ካለው ወይራ ጋር በገመድ አሰርኳት። ክረምቱን በሰላም ከረመች። ኅዳር ሲገባ ግን ውርጭ መጣ። ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ይታያል፣ የጎረቤት ድንች ቅጠሉ ጠቁሮ ተገኘ። እኔም ደነገጥሁ። ቤት ውስጥ ያለው ወፍራም ነገር አማቴ ለሠርጌ በእጃቸው ፈትለው ያሸመኑልኝ ጋቢ ነው። ሲመሽ እሱን ሙሽሪት ላይ እጠመጥማለሁ፣ ሲነጋ እፈታለሁ። እኔ ካፖርቴን ለብሼ እተኛለሁ።

የሻረግ “እናቴ እኮ አልብሳት አታውቅም” አለችኝ። ይህ አባባል ሳይንሳዊ መልስ ይሻ ስለነበር፣ ስለ ከፍታ፣ ስለ ነፋስ አቅጣጫና ስለ መሬት አቀማመጥ ሰፋ ያለ ማብራሪያ ሰጠኋት። ስጨርስ “እሺ፣ ካፖርትህን ግን ጫማህን አውልቀህ ልበሰው” ብላ ተኛች። ሙሽሪት በጋቢው ደላት። ቅጠሏ ወፈረ፣ አብለጨለጨ። ዘንግ ግን የለም። ታኅሣሥ ገባ፣ አሁንም የለም። አማቴ ደግሞ ቀጠሮ የሚያፈርሱ ሰው አይደሉም።

እንግዲህ ጎረቤት ያለው ሰው ብቻውን አይኖርም። በእኛ አገር ዛፍ ላይ የበቀለ ባዕድ ተክል ሁሉ ተቀጽላ ነው፤ ተቀጽላ ደግሞ በአዋቂ እጅ ከገባ ለችሎትም፣ ለገበያም፣ ለትምህርትም መድኃኒት ነው ይባላል። ጎረቤታችን አቶ ይርሳው በአጥር ቀዳዳ ያየው ምንድን ነው? አንድ መምህር ፀሐይ ስትጠልቅ ቃል ሳይተነፍስ ተክል ጋቢ ያለብሳል፤ ሲነጋም ከሰው ጋር ሳይነጋገር ይገፍፋታል። ቃል የማልተነፍሰው ጥርሴ በብርድ ስለሚንገጫገጭ ነው። እሱ ይህን በምን ያውቃል? ጠርጥር፣ አይጠፋም ከገንፎ መሐል ስንጥር ተብሏል።

አቶ ይርሳው ከአክስቱ ልጅ ጋር በግድግዳ ይካሰስ ነበርና አንድ ቀን መጥቶ “መምህር፣ ከሷ አንዲት ቅጠል ብቻ” አለኝ። የአማቴ አደራ ናት፣ አልሰጥም አልኩት። አለመስጠቴ ጥርጣሬውን ወደ እምነት አሻገረው። በማግስቱ ጠዋት ጋቢውን ስፈታ አንዱ ጫፉ በቢላ ተቆርጧል። ቅጠሏን ቢፈራ፣ ያደረባትን ጋቢ አልፈራም። ሳምንት ሳይሞላ አቶ ይርሳው ክሱን ረታ።

ከዚያማ ደጃችን ጸበል ቤት መሰለ። የቅኔ ተማሪው ለዓይነ ልቡና፣ ነጋዴው ለገበያ፣ ሁሉም “ክር እንኳ ቢሆን” እያለ መጣ። ወሬው ቀበሌ ደረሰና ሊቀመንበሩ በውይይት ክበቡ ፊት አቆሙኝ። “ጓድ መምህር፣ ሳይንሳዊ ሶሻሊዝም በሚሰበክበት ቀበሌ ድግምት?” አሉ። እኔ ስለ ብርድ አስረዳሁ። ከተሰብሳቢው አንዱ ተነሥቶ፣ መሬት ሳይኖረው በሌላው ጫንቃ ላይ የሚኖር ተክል በዝባዥ ነው ወይስ አይደለም የሚል ጥያቄ አቀረበ። ከዛፉ የምትወስደው መቀመጫ ብቻ ነው፣ የምትጠጣውም ጤዛ ነው ብዬ ተሟገትሁላት። በመጨረሻ ሊቀመንበሩ ወሰኑ፦ ተክሏ ትኑር፤ ጋቢው ግን ይቅር፤ እሷም እንደ ሰፊው ሕዝብ ብርዱን ትቻል።

ምን ይደረጋል? ሙሽሪት ራቁቷን ማደር ጀመረች፣ እኔም በብርድ ሳይሆን በአማቴ መንቀጥቀጥ ጀመርሁ። ቅጠሏን ላለማየት ፊቴን አዙሬ ነበር ወደ ትምህርት ቤት የምሄደው። ለአስተርእዮ የምናገረውን ልመና እንኳ በቃሌ አጥንቼ ጨርሻለሁ።

ታዲያ የገና ሰሞን የሻረግ ከደጅ ጠራችኝ። ከቅጠሎቹ ሥር አረንጓዴ ጫፍ፣ የሕፃን ጣት የምታህል፣ ብቅ ብላለች። ዞር ብለን ብናይ ሌላም አለ፣ ከወዲያም ሌላ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ሚስቴን ደጅ ላይ አቅፌ ሳምኋት፤ አቶ ይርሳው በቀዳዳው ሳያይ አልቀረም። ለካ ዘንጓን የሚቀሰቅሰው የሌሊቱ ብርድ ኖሯል። እኔ ለካ ማታ ማታ አበባዋን በጋቢ እያስተኛሁ ነበር። ሳይደግስ አይጣላም የተባለው እውነት ነው፤ የቀበሌ ስብሰባ ለአንድ ነገር ሲጠቅም ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

አማቴ በቀጠሯቸው መጡ። ሙሽሪትን ዞረው አዩና “ብርድ ያልቀመሰች አታብብም። እርስዎ ግን አላቀማጠሏትም፤ ቤት ያውቃሉ” አሉኝ። የሻረግን ሳል ያዛት። እኔ በትሕትና አጎነበስሁ።

ምሽቱን ቀዝቀዝ ሲላቸው “እስቲ ያን የፈተልሁልዎትን ጋቢ ያቀብሉኝ” አሉ። መቼም ከዚህ የሚያድን ጂኦግራፊ የለም፣ አመጣሁ። የተቆረጠውን ጫፍ አገኙትና ቀና ብለው አዩኝ። ሚስቴ ብርዱንም፣ ማልበሱንም፣ ተቀጽላውንም፣ አቶ ይርሳውንም ሳትተነፍስ ዘረገፈችው። እኔ “ቤት ያውቃሉ” ያሉኝን እስኪመልሱት እየጠበቅሁ መሬት መሬት አያለሁ።

አማቴ ግን ስለ እኔ ምንም አላሉም። “ለመሆኑ ይርሳው ረታ?” አሉ። ረታ አልናቸው። “ከነኪሣራው?” ከነኪሣራው። የጋቢውን ጠርዝ በጣታቸው ደጋግመው ዳሰሱት።

በዓመቱ በጥር እኛ ሞጣ ሄድን። እኔ ገና ከመግባቴ ወደ ጓሮ አቀናሁ። የሞጣዋ ሙሽሪት ቅጠሏ ወፍሮ ያብለጨልጫል፤ ዘንግ ግን አንድም የላት። ከወይራው ቅርንጫፍ ላይ ጫፉ የተቆረጠ አዲስ ጋቢ ተሰቅሏል። “እማማ፣ ሙሽሪት ዘንድሮ ምነው?” አልኳቸው።

አማቴ ወደ አጥሩ ጠቆሙኝ። አጥሩ ከወይራው ርቆ፣ ድሮ ወደነበረበት ተመልሷል።

“አበባውንማ” አሉኝ፣ “ቢቸና እየመጣሁ አየዋለሁ።”