ከትከሻ የመጣ አንገት

እኛ የደሃና ወረዳ ሰዎች አንገቱን የደፋ ሰው ስናይ ሆዳችን ይባባል። ሴት ከሆነችማ አለቀልን፤ ጨዋነቷን እናወራለን፣ ያሳደጓትን እንመርቃለን። አንገቷን ምን እንዳስደፋት የሚጠይቅ ግን የለም። እናንተም ጠይቃችሁ አታውቁም፤ ግድ የለም፣ አልታዘባችሁም።

ባለቤቴ ብርቄ በዚህ በኩል ቅድስት ልትባል ጥቂት ነው የቀራት። ቤታችን ሲቃጠል ጥጃውን አወጣለሁ ብላ ገብታ፣ የሚነድ የጣሪያ ሣር አንገቷ ላይ ወረደባት። ቁስሉ ሲድን ቆዳው ተኮማትሮ አገጯን ከደረቷ ጋር አጣበቀው። ሰርግ ቤት ስንሄድ የማያውቋት ሁሉ፣ «እንዲህ ያለች ትሑት ከየት አገኘህ?» ይሉኛል። እሷ በጆሮዬ፣ «የሰው ፊት ናፈቀኝ» ትለኛለች። ሦስት ዓመት ሙሉ የአገሩን ሰው የምታውቀው በጫማው ነው።

ከሰቆጣ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ተላክን። ሐኪሙ፣ «አባቴ፣ ከትከሻዋ ላይ ቆዳ ከነደም ሥሩ አንስተን፣ ሥሩን ሳንበጥስ አዙረን አንገቷ ላይ እንሰፋዋለን» አለኝ። ገባኝ። ቦይ መጥለፍ ነው፤ ውኃው ከምንጩ ሳይቋረጥ ወደ ደረቀው መሬት ይዞራል።

«ከእኔ ጀርባ ውሰዱ፤ ሰፊ ነው፣ በሬ ይቀናበታል» አልኩት።

«የሌላ ሰው ቆዳ አይይዝላትም።»

«ሌላ ሰው? ባሏ ነኝ እኮ!»

ከቀዶ ጥገናው በኋላ ነርሷ በየሰዓቱ እየመጣች የተሰፋውን ቆዳ በጣቷ ጫን ታደርጋለች። ስትለቀው ደም ከተመለሰበት ቆዳው በሕይወት አለ፤ ካልተመለሰ ሁሉ ነገር ከንቱ ነው። እሷ ጫን ባደረገች ቁጥር እኔ ትንፋሼን እይዛለሁ። በአምስት ቀን ውስጥ ሦስት ጊዜ ብቻ ተነፈስኩ ብል እመኑኝ።

ያዘ። ብርቄ ቀና አለች። ፊት ለፊት ትክ ብላ አየችኝና፣ «ሸበትክ» አለችኝ። የሌላ ሰው ሚስት ብትሆን ናፈቅከኝ ትል ነበር።

አገራችን ስንገባ ግን አወዳሿ ሁሉ ተገለበጠ። ሽማግሌው ጎረቤታችን አያ ገብሬ ዓይን ለዓይን ብታያቸው፣ «አንቺ ልጅ፣ እዚያ ኩራት ነው እንዴ የሰፉልሽ?» አሏት።

«አያ፣ እርስዎን ለማየት ነው የታከምኩት፤ ጫማዎንማ ጠግቤዋለሁ።»

ሽማግሌው ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው ግንባሯን ስመው ሄዱ። እኔም ቀናሁና ያንን አዲሱን አንገቷን ሳምኩት። ብርቄ ትከሻዋን ያዝ አድርጋ በሳቅ ፍርስ አለች።

«ምነው?»

«ትከሻዬን እኮ ነው የሳምከኝ!»

ሐኪሙ ነግሮን ነበር፤ ቆዳው ሰፈር ቢቀይርም የድሮ ቦታውን ቶሎ አይረሳም። ይቆይ፣ አይርሳ። እኔ ምን ከፋኝ፤ በአንድ መሳም ሁለት ቦታ እደርሳለሁ።