ለአንድ ሰው የማይጻፍ ትእዛዝ

የአሥር ደቂቃ ሥራ ላለመሥራት ሦስት ቀን የሚደክም ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት የለም። ባንክ ቢገቡ አለ፤ ቀበሌ ቢገቡ አለ። አሶሳ ላይ ላለችው ለእኛ ቪዲዮ ቤት የደረሳት ክቡር ለሜሳ ነው።

ክቡርነቱ የባምባሲ ልጅ ነው። ሠርግና ምርቃት በምናቀናብርበት ኮምፒውተር ላይ እያንዳንዱ ፎቶና እያንዳንዱ ስም አንዱ በአንዱ ላይ የሚነጠፍ የየራሱ ሌየር አለው። እኔ እንደ ማንኛውም ፍጡር በማውስ እየጎተትኩ ቦታ ቦታቸውን አስይዛቸዋለሁ። ለሜሳ ማውስ መንካት ውርደት ይመስለዋል። "ስሙ ከረዘመ የተጻፈበት ሰሌዳ አብሮት ይርዘም፤ አንዱ ፎቶ ሲያልቅ ቀጣዩ ይምጣ" የሚል ስክሪፕት፣ ኮምፒውተሩ ራሱ አንብቦ የሚፈጽመው ትእዛዝ፣ ይጽፍና ሌየሮቹ ሲታዘዙለት እጁን አጣጥፎ ያያል። "እጅ ይደክመዋል፤ ትእዛዝ አይደክመውም" ይላል፣ ችሎት ላይ የተቀመጠ ይመስል።

ብሪቱ የምትባል ሙሽራ ስሟን ትንሽ ወደ ቀኝ እንድናስጠጋላት ለመነችን። አንዴ መጎተት ነው። ለሜሳ "ለአንድ ሰው ተብሎ ትእዛዝ አይጻፍም" አለና በዓለም ላይ ያሉ ሙሽሮችን ሁሉ ስም የሚያስጠጋ ስክሪፕት ጀመረ። ብሪቱ ቪዲዮዋን ልትወስድ የመጣችው ሕፃን አዝላ ነው። ባሏ አልተቆጣም፤ ሕፃኑንም መጨመር ይቻል እንደሆነ ብቻ ጠየቀን።

ከወሎ በሰፈራ የመጡት ሰዎች አምና የመጡበትን አርባኛ ዓመት ሊያስቡ ተነሡ። ዕድራቸው ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ፎቶ፣ ስምና የሞት ዓመት ከተሞላበት ሰንጠረዥ ጋር ሰጠን። በፍላጎታቸው መሠረት በሕይወት ያለ ሰው ፎቶው ደምቆ ይቆያል፤ የሞት ዓመት የተጻፈለት ደግሞ ቀስ እያለ ይደበዝዛል። ለሜሳ ሰንጠረዡን እያነበበ ፎቶዎቹን የሚያዝ ስክሪፕት ጻፈ።

የመጀመሪያውን ቅጂ ለማየት የዕድሩ ሊቀመንበር አቶ በቃሉና እማማ እታለም መጡ። የመጀመሪያው ፎቶ ደበዘዘ፤ ሁለተኛውም ደበዘዘ፤ አቶ በቃሉ ራሳቸው ብቅ አሉና ደበዘዙ። በሕይወት ላሉት የሞት ዓመቱ ቦታ ባዶ ነበር፤ ስክሪፕቱ ባዶውን ዜሮ ብሎ አንብቦት ሰፈሩን በሙሉ ገድሎታል።

"ልጄ፣ እኔ መቼ ነው ያረፍኩት?" አሉ አቶ በቃሉ።

ለሜሳ አንድ መስመር ጨምሮ አስነሣቸው። ሳቅን። እማማ እታለም ግን አልሳቁም። ልጃቸው ሰራዊት አሁንም እየደበዘዘ ነበር። ወርቅ ፍለጋ በኩርሙክ በኩል ወደ ሱዳን ከወጣ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ዕድሩ ጠብቆ ጠብቆ የሞት ዓመቱ ቦታ ላይ የጠፋበትን 1999 ሞልቶበታል።

"ሲሞት ማን አየው?" አሉ እማማ። "ያየ ካለ ይንገረኝና ልቅሶዬን ልቀመጥ።"

"እትዬ፣ ዕድሩ የተስማማበት ነው፤ ማኅተም አለበት" አሉ አቶ በቃሉ፣ አንገታቸውን ደፍተው።

እማማ ወደ ለሜሳ ዞሩ። "የኔ ዓለም፣ ይሄ መኪና የሚሰማው አንተን ነው አሉኝ። ልጄን አታጥፋብኝ።"

ለሜሳ መሬት መሬት እያየ፣ "እማማ፣ ሰንጠረዡ የዕድሩ ነው። ለአንድ ሰው ተብሎ ትእዛዝ አይጻፍም" አለ።

እማማ ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ። ያን ቀን ጠላሁት። "አንዴ በማውስ ብትነካው ምን ይቀርብሃል?" አልኩት። እስከ በዓሉ ድረስም አኮረፍኩት።

በበዓሉ ቀን አዳራሹ ሞልቶ ፎቶዎቹ በየተራ አለፉ። የደበዘዙት ሲያልፉ ሰዉ ያለቅሳል። ሰራዊት ሲመጣ አጠገቤ የተቀመጡት እማማ እታለም ክንዴን ያዙ። ፎቶው ወጣ፤ ደምቆ ቆየ፤ ደምቆም አለፈ።

አቶ በቃሉ ዞር ብለው ለሜሳን አዩት። ከዚያ ወደ ስክሪኑ ተመለሱ።

"አለ" አሉ እማማ፣ ለራሳቸው። "አለ።"

በማግስቱ ክቡርነቱ ማውስ የነካበትን ማስረጃ ልይዝ ፋይሉን ከፈትኩ። ማውስ አልነካም። ከስክሪፕቱ ግርጌ አንድ ትእዛዝ ተጨምሯል፤ ስሙ ሰራዊት ከሆነ ዓመቱን አታንብብ የሚል። ከጎኑ በአማርኛ "እናቱ እስኪነግሩን ድረስ" ብሎ ማስታወሻ ጽፎበታል።

"ለአንድ ሰው ተብሎ አይጻፍም ስትል አልነበር?" አልኩት።

"በእጄ ባስተካክለው፣ በሃምሳኛው ዓመት ሌላ ሰው ሲያቀናብረው ልጁ ይጠፋል" አለ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሣ። "እናቱ መለመን ቢደክማቸውስ? ትእዛዝ አይደክመውም።"

ከዚያን ቀን ወዲህ ጠዋት ጠዋት ማውሱን ከፊቱ የማነሣለት እኔ ነኝ።