«ቆይ፣ ላሳይሽ» የሚሉት ፕሮፌሰር

ቴአትር የሚያስተምር ኮሌጅ ሁሉ እንዲህ ያለ ሰው አያጣም፤ ተዋናዩ ገና አፉን ሳይከፍት «ቆይ፣ ቆይ፣ ላሳይህ» ብሎ መድረክ ላይ የሚወጣ አዘጋጅ። የእኛው ክቡር ፕሮፌሰር ደግሞ በዚህ አቻ አልነበራቸውም። ሠላሳ አንድ ዓመት አስተምረዋል፣ አርባ ቴአትር አዘጋጅተዋል። በዚያ ሁሉ ዘመን አንድ ተማሪ አንድ ዓረፍተ ነገር እስኪጨርስ ታግሠው እንደሆነ እጠራጠራለሁ።

ሙሽራ ሆነሽ የምትሠሪ ከሆነ መጀመሪያ ሙሽራ የሚሆኑት እሳቸው ናቸው። ሻርፓቸውን ፈተው ራሳቸው ላይ ጣል ያደርጉና መሬት መሬት እያዩ ይሽኮረመማሉ። ሌባም ሆነዋል፣ ዳኛም ሆነዋል። ምጥ የያዛት ሴት ሆነው የጮኹ ዕለት የግቢው ጥበቃ አምቡላንስ ለመጥራት ስልክ አንስቶ እንደነበር የትምህርት ክፍሉ ጸሐፊ እስከ ዛሬ ታወራለች።

ችግሩ አሳይተው ሲያበቁ «በል፣ አሁን አንተ» ማለታቸው ነው። ምን ምርጫ አለን? እሳቸውን እንቀዳለን። እሳቸው ደግሞ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ጉሮሯቸውን ሳይጠርጉ አንዲት ቃል የማይወጣቸው ሰው ናቸው። ስለዚህ በእሳቸው ቴአትር ሙሽራዋም ጉሮሮ ትጠርጋለች፣ ሌባውም ሊሰርቅ ሲገባ ይጠርጋል። አንዴ የአንዱ ተማሪ እናት ትርኢቱን አይተው ሲወጡ «ደስ ይላል፤ ግን ልጆቹን ሁሉ ጉንፋን ይዟቸዋል እንዴ?» ብለው ጠይቀውናል።

እኔ ከሁሉም ግትሯ ነበርኩ። «ፕሮፌሰር፣ አንዴ በራሴ ልሞክረው» እላለሁ።

«ሞክሪ፤ ማን ከለከለሽ? ግን ቆይ፣ መጀመሪያ ላሳይሽ።»

አሳይተው ሲወርዱ ለእኔ የሚተርፈኝ ነገር አይኖርም። ቤት ገብቼ ለእናቴ «ሰውዬው የሚፈልጉት ተማሪ ሳይሆን መስታወት ነው» እያልኩ እበሳጭ ነበር።

ጡረታ ሊወጡ አንድ ወር ሲቀራቸው የመጨረሻ ቴአትራቸውን አዘጋጁ። ታሪኩ ከአባቷ ተጣልታ ከቤት የወጣች ልጅ ከስንት ዓመት በኋላ ስትመለስ ነው። ልጅቷ እኔ ነኝ። የቀድሞ ተማሪዎቻቸው ሁሉ ተጠርተዋል። «ሰው የሚያስታውሰው የመጨረሻውን ነው» አሉን በልምምድ መሐል። «ይህቺ ከተበላሸች አርባውም ተበላሸ።»

በትርኢቱ ቀን ጠዋት አባትየውን የሚሠራው ልጅ ጆሮ ደግፍ ይዞት መጣ። ጉንጩ ተነፍቶ አፉ አልከፈት አለው። ሁላችንም ዞረን ፕሮፌሰርን አየን። ጽሑፉን ከእሳቸው በላይ በቃሉ የሚያውቅ የለማ። ፊታቸው አመድ መሰለ። እኛ ትሕትና መስሎን አጨበጨብን።

ከመድረክ ጀርባ ባለቤታቸው ኮሌታቸውን አስተካክለውላቸው ሲያበቁ ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

«ልጄ፣ አደራ፣ ከአጠገቡ አትራቂ። እሱ እኮ ሰው ፊት ተጫውቶ አያውቅም።»

«እንዴት? ፕሮፌሰር?»

«ተማሪ እያለ አንዴ ወጥቶ ቃሉ ጠፋበትና መጋረጃ ዘጉበት። ከዚያ ወዲህ የሚደፍረው ባዶ አዳራሽ ብቻ ነው።»

መጋረጃው ተከፈተ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። በሩን ከፍቼ ስገባ አባቴ ሆነው መሐል ቆመዋል። ረጅሙን ንግግር የሚጀምሩት እሳቸው ናቸው። ጠበቅኩ። ምንም የለም። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል እንጂ ድምፅ አይወጣቸውም። ከጎን በኩል መጋረጃ ሳቢው ገመዱን ሲይዝ አየሁት፤ በእጄ ተው አልኩት።

ሄጄ እጃቸውን ያዝኩ። በረዶ ሆኗል። ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸውና እግራቸው ሥር ተንበርክኬ «አባዬ፣ የምትለኝን አውቀዋለሁ» አልኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ አልኳቸው። «በር ላይ ቆመህ ጠብቀኸኛል። ደብዳቤ ጽፈህ ቀደሃል።» የእሳቸውን ንግግር አንድ በአንድ ወደ እኔ አዞርኩት፤ እሳቸው ራሳቸውን ብቻ ይነቀንቃሉ። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ግን ለእሳቸው ተውኩላቸው። ይቅርታውን እኔ ለራሴ ልሰጠው አልችልም። የእሳቸው ነው።

በመጨረሻ ትንሽ፣ የሰለለች ድምፅ መጣች። «ቤቱ ያንቺ ነው። ግቢ።» ሲያሳዩን ከኖሩት ሰው ሁሉ አንዱንም አልመሰለችም። ከኋላ ያሉት አልሰሟትም ይሆናል፤ ከፊት ያሉት ግን አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፤ ጽሑፉ ላይ የለም። ስንት ዓመት የተበሳጨሁባቸውን ሰውዬ ያኔ እዚያው ወደድኳቸው።

በማግስቱ ቢሯቸው ጠሩኝ። የውጤት መዝገቡ ተዘርግቷል።

«አምስት ነጥብ ቀንሼብሻለሁ» አሉ ቀና ሳይሉ። «ጽሑፉን ቀይረሻል።»

«ደግ አደረጉ፣ ፕሮፌሰር።»

ልወጣ ስል ብዕራቸውን ጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

«ለእኔስ ስንት ትሰጪኛለሽ?»

«ሙሉውን።»

መነጽራቸውን አውልቀው ለረጅም ጊዜ ጠረጉት። «አምስት ቀንሺ» አሉ። «እኔም ከጽሑፉ ወጥቻለሁ።»

ያን ቢሮ ዛሬ የወረስኩት እኔ ነኝ። እስከ አሁን አልቀነስኩም።