ሲደመር ሲቀነስ ባዩ ሰውዬ

እናንተዬ፣ ሁሉን ነገር «ሲደመር ሲቀነስ» እያለ የሚናገር ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ገጥሞኛል። ከሶዶ እኛ ዘንድ ሁምቦ፣ አባያ ሐይቅ ዳር ድረስ የመጣ፣ የሐይቅ ዳርቻ የሚለካ ባለሙያ ነው። ስምህ ማነው ቢሉት እንኳ ለስህተት የሚሆን ቦታ ትቶ የሚመልስ ይመስለኛል።

ሐይቁ የእማዬን የበቆሎ ማሳ ከታች በኩል በልቶታል። ባለሙያው «ተወስዷል» ካለ ምትክ መሬት ታገኛለች፤ ካላለ ቀረ። እሱ ደግሞ ከስልኩ የሳተላይት ፎቶ አወጣ።

«ይኸውልሽ እህቴ፣ የፎቶው ስህተት ሲደመር ሲቀነስ አሥር ሜትር ነው። ከእናንተ ማሳ ተወሰደ የምትሉት ከዚያ ያንሳል። ስለዚህ ዳርቻው ተንቀሳቅሷል ማለት አይቻልም።»

«አልተንቀሳቀሰም ማለትስ ይቻላል?» አልኩት።

«እሱም... በሳይንስ ቋንቋ...»

እማዬ አንገቷን ደፋች። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ድረስ ስማር አንገት መድፋትን ያስተማረኝ የለም።

«እሺ ወንድሜ፣ ማሳው ካለ ና አብረን እናርመው» ብዬ ቀሚሴን ሰብስቤ ወደ ውሃው ወረድኩ።

«አንቺ ልጅ፣ አብደሻል? አዞ አለ እኮ!»

«የት? በቆሎው ውስጥ?»

ልብ በሉ፣ ስለ አዞው ሲናገር ምንም አልደመረም፣ ምንም አልቀነሰም።

ከውሃው መሃል ብቅ ያለውን የድሮ አጥራችንን ቋሚ አሳየሁትና እጄን ዘረጋሁ።

«የመለኪያ ሜትርህን ጫፍ አቀብለኝ። እዚያ ድረስ እኔ እገባለሁ፤ አንተ ደረቁ ላይ ቆመህ ቁጥሩን አንብብ።»