«ቆይ፣ ሊይዝ ነው!» የሚሉት አጎቴ

በዚህ ዓለም ላይ ካሜራ የሌለው ቤተሰብ ሊኖር ይችላል፤ «ካሜራ የማውቀው እኔ ነኝ» የሚል አጎት የሌለው ቤተሰብ ግን የለም። የኛው ክቡርነታቸው የእናቴ ታናሽ ወንድም ናቸው። «ጋሽ ሊይዝነው» የሚል ስም ከወጣላቸው ቆይቷል፤ ፊታቸው ላይ ግን ማንም አይደፍራትም።

ካሜራቸው ቀን ቀን፣ ደጅ ላይ፣ እንከን አይወጣለትም። ችግሩ እኛ የምንሰበሰበው ሲመሻሽ፣ አንድ ደካማ አምፖል ባለው ሳሎን ውስጥ መሆኑ ነው። ጋሼ ቁልፉን እስከ ግማሽ ድረስ ይጫናሉ። ሌንሱ እዝዝ ብሎ ወደ ፊት ይወጣል፤ በጨለማው ውስጥ አጥርቶ የሚይዘው ነገር ያጣና እዝዝ ብሎ ይመለሳል። «ቆይ፣ ሊይዝ ነው!» ይላሉ። እኛ ጥርሳችንን እንደገለጥን ደርቀን እንቀራለን። ወጡ ይቀዘቅዛል፣ ሕፃኑ ያለቅሳል፣ የአክስቴ ፈገግታ ቀስ በቀስ ወደ ቂም ይለወጣል።

«ፍላሹን ቢጠቀሙስ?» የሚል ደፋር ከተገኘ ጉድ ፈላ። «ፍላሽ ሰውን ሲሰርቅ የተያዘ ሌባ ያስመስለዋል» ብለው ይቆጣሉ። «በስልክ እናንሳው» ያለ ደግሞ ከሰልፉ ጫፍ ያቆሙትና ፎቶው ላይ አንድ ጆሮው ብቻ ይወጣል።

አንዳንዴ ይይዛል እንጂ። የሚይዘው ግን ከኋላችን የተሰቀለውን የግድግዳ ሰዓት ነው። ነጭ ላይ የተጻፈው ጥቁር ቁጥር ከኛ ፊት ይልቅ ለሌንሱ ጎልቶ ይታየዋል። ስለዚህ በአልበማችን ውስጥ ፎቶው በስንት ሰዓት እንደተነሳ ፍንትው ብሎ ይነበባል፤ እነማን እንደተነሱ ለማወቅ ግን ሽማግሌ መቀመጥ አለበት።

እናቴ ከሆስፒታል የወጣች ሰሞን እኔና ታላቅ እህቴ ተኳርፈን ነበር። «እኔ ቤት ትክረም»፣ «የለም፣ እኔ ቤት» ተባብለን፣ ነገሩ ከርሮ ሰላምታ እስከ መንሳት ደረስን። እናቴን ከሕመሟ ይልቅ ይሄ ነበር እህል የከለከላት። ቤተዘመድ ሊጠይቃት በተሰበሰበበት ዕለት ወንድሟን ጠርታ፣ «ሁለቱን ልጆቼን አንድ ላይ አንሳልኝ፤ ሌላ ነገር አልፈልግም» አለቻቸው።

በመካከላችን ሶፋ የሚያስገባ ክፍተት ትተን ቆምን። ጋሼ ለዚህ ቀን ሲሉ ሰዓቱን ከግድግዳ አስወረዱ። ሌንሱ የለመደውን ቢያጣ ጊዜ ጭራሽ ግራ ገባው፤ እዝዝ፣ እዝዝ።

«አንተ፣» አሉኝ ጋሼ፣ «የስልክህን መብራት አብራና የእህትህ ነጭ ሻሽ ከጠጉሯ ጋር የሚገናኝበት ላይ ያዝላት። ነጭና ጥቁር ሲያገኝ ይይዛል። አንቺ ደግሞ ተጠጊው፤ ብርሃኑ አይደርስሽም።»

ተጠጋች።

«ዓይኔን አጠፋኸው» አለችኝ። ስንት ጊዜ ዘግታኝ ከርማ የመጀመሪያ ቃሏ ይሄ ነው።

«ያዝ ተብዬ ነው።»

«እጅህ ይንቀጠቀጣል። ምሳ አልበላህም እንዴ?»

«ማን ጠርቶኝ?»

«ደግሞ እኔ ቤት በጥሪ መምጣት ከመቼ ወዲህ ነው?»

«ቆይ፣ ሊይዝ ነው!» አሉ ጋሼ።

እህቴ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ፣ «እሱ እስኪይዝ እኛ እንሸብታለን» አለች።

ሳቄን አልቻልኩትም። የያዝኩት መብራት ጣሪያ ለጣሪያ ሄደ። እሷም በሳቅ ትከሻዬ ላይ ተደፋች፤ እናቴ ሳሎን በተዘረጋላት አልጋ ላይ ሆና «ውይ ልጆቼ» እያለች ዓይኗን ትጠርጋለች። ቀጭ አለ ካሜራው። እህቴም እኔም ጥርት ብለን ወጣን።

ሰው ሲበተን ጋሼን ጠጋ ብዬ፣ ፎቶ ቤት ያለው ጓደኛዬ የመከረኝን አቀበልኳቸው። «ጋሼ፣ ጎኑ ላይ ያለችውን መቀየሪያ በእጅ ወደሚሠራበት አድርገው የሌንሱን ቀለበት ራስዎ ቢያዞሩት እኮ ባንድ አፍታ ያልቃል።»

ሌንሱን በሸሚዛቸው ጫፍ እየጠረጉ፣ «እሱንማ አውቃለሁ» አሉኝ። «ቶሎ ካነሳኋችሁ ግን ቶሎ ትበተናላችሁ።»

እውነታቸውን ይሁን አለማወቃቸውን ለመሸፈን እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ከሳቸው ሁለቱም ይጠበቃል። ብቻ የዚያን ዕለት በጣም ወደድኳቸው። ያሉትንም ለእህቴ ነገርኳት።

በቀጣዩ ጊዜ የተሰበሰብነው እሷ ቤት ነው። ጋሼ ካሜራቸውን ከቦርሳው ሲያወጡ፣ ባሏ ለብርሃን ብሎ ከመኝታ ቤት ሌላ መብራት ሊያመጣ ብድግ አለ።

እኔና እህቴ እኩል «ተወው» አልነው።