የጋሽ በየነ ሁለት ዕድሜ

አትላንታ ውስጥ አንድ ዕድሜ ብቻ ያለው ያገሬ ሰው ካገኛችሁ ጥሩልኝ፣ ልተዋወቀው። አብዛኞቻችን ሁለት አለን፤ አንዱን እናታችን ታውቀዋለች፣ ሌላውን መታወቂያችን። አንዳንዱ ሥራ ለማግኘት ሲል ቀነሰ፣ ለአንዳንዱ ደግሞ ፎርም የሞላለት ሰው በግምት ጻፈለት። ማንን ጎዳን ብለን ተቀምጠናል።

የባለቤቴ አጎት ጋሽ በየነ በወረቀት ስድሳ አንድ ዓመታቸው ነው። ትልቋ ልጃቸው ሃምሳ ሁለት ሞልቷታል። በወረቀቱ ከሄድን በዘጠኝ ዓመታቸው ወልደዋታል ማለት ነው። እውነተኛው ሰባ አራት ነው። ዱሉዝ ከተማ አንድ መጋዘን ውስጥ ካርቶን የሚያነሡት በስድሳ አንዱ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ግን በሰባ አራቱ። ለጉልበቱ ማስታገሻ ኪኒን እንደ ቆሎ ሲቅሙ ከርመው አንድ ቅዳሜ ጠዋት ስኮትዴል ሰፈር ባለው ቤታቸው ደም አስታወኩ። ሰገራቸው ለሦስት ቀን ከሰል መስሎ እንደነበር የነገሩኝ ወደ ሆስፒታል ስወስዳቸው መኪና ውስጥ ነው። «ይኼ ለሰው ይወራል?» አሉኝ።

ድንገተኛ ክፍል ወጣቱ ሐኪም የደም ግፊታቸውን፣ የልብ ምታቸውን፣ የምርመራ ውጤታቸውንና ዕድሜያቸውን ኮምፒውተሩ ውስጥ አስገባ። ሆዱ የሚደማ ሰው ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ አስቀድመው የሚገምቱት እንዲህ በነጥብ ነው፤ ዕድሜ ሲገፋ ነጥቡ ይጨምራል። የጋሽ በየነ ነጥብ ዝቅተኛ ስለሆነ ተራ ክፍል ይተኙና ነገ ውስጣቸውን በመሣሪያ እናያለን አለ። አስተርጓሚው እኔ ነኝ። ስድሳ አንድ ሲል ሰማሁና ዞሬ ጋሽ በየነን አየኋቸው።

ጋሽ በየነም ገብቷቸዋል። በረዶ በሆነ እጃቸው እጄን ያዙኝ።

«ዝም በል። ሥራዬን እንዳታሳጣኝ።»

«ነፍስዎስ ጋሼ?»

«እሷን ፈጣሪ ያውቃል።»

ፈጣሪማ ዕድሜያቸውንም ያውቃል፤ የማያውቀው ሐኪሙ ነው። ፈራሁ። ብናገር እንጀራቸውን ላሳጣቸው ነው፣ ዝም ብል እሳቸውን ላጣ ነው። ሐኪሙ በሩን ሊከፍት ሲል እውነተኛውን ነገርኩት። ተመልሶ ቁጥሩን ለወጠ፤ ፊቱም አብሮ ተለወጠ። ጥብቅ ክትትል ወዳለበት ክፍል አስወሰዳቸው። ጋሽ በየነ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩብኝ።

ሁለት ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ግፊታቸው አሽቆለቆለ። ነርሶቹ ሮጡ። ደም ሰጧቸው፤ በአፋቸው መሣሪያ አስገብተው የሚደማውን ቁስል ዘጉት። እኔ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ የማላውቀውን ጸሎት ሁሉ ጸለይኩ። ተራ ክፍል ቢተኙ ኖሮ ማን በቶሎ ይደርስላቸው እንደነበር እስከ ዛሬ አስባለሁ።

ከሰዓት በኋላ ስገባ ነቅተዋል፤ ኩርፊያቸውም አብሯቸው ነቅቷል። ሐኪሙ ዕድሜያቸውን የፈለገው ለሕክምናው እንጂ ለአሠሪያቸው ሊነግር እንዳልሆነ ተረጎምኩላቸው። ፊታቸውን ከግድግዳው አላነሡም። ነርሷ ከጠዋት ጀምሮ ቆሜ መዋሌን አይታ፣ አንተንም ልለካህ ብላ ክንዴ ላይ የግፊት መለኪያውን ጠቀለለችና ዕድሜዬን ጠየቀችኝ።

አርባ ስድስት አልኳት፣ ዓይኔን ሳላሽ።

ጋሽ በየነ እንግሊዝኛቸው እምብዛም ነው፤ ቁጥር ግን አያመልጣቸውም። ባለቤቴን ሊድሩልኝ ሲሉ ደግሞ ዕድሜዬን አገር ቤት ድረስ ያጣሩት እሳቸው ናቸው፤ ሃምሳ ሦስቴን ያውቋታል። ቀስ ብለው ከግድግዳው ወደ እኔ ዞሩ።

«ዶክተሩን ልጥራልህ?» አሉኝ።